የመምህር ይታገሱ ጭስ ማውጫና የኔ ንቦች

«ንብ የመረጠው ሰው እንዲህ አይናገርም፣ መምህር!» አለ አባቴ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔን አልመረጡኝም! የመረጡት የመኪናዬን ጭስ ማውጫ ነው!»

«ያው ነው።»

«እንዴት ያው ይሆናል? እኔ ነገ መንገደኛ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ሪፖርት አደርጋለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ጭስ ማውጫዬን አውርዱልኝ!»

«ይሂዱ፤ ማን ያዘዎት? አውቶቡስ አለ።»

«ፒካፗስ?»

«ፒካፗ ውስጥ ንብ አልገባም። እሷን ይዘዋት ይሂዱ።»

«ያለ ጭስ ማውጫ?»

አባቴ ያለ ጭስ ማውጫ የሚኖር ሰው ስንት አለ የሚል ፊት ብቻ አሳየው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ በሁለቱ መሐል ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። ግራ ዓይኔን ንብ ነድፎኝ አብጦ ስለተዘጋ፣ የሚናገረውን ሰው ለማየት ሙሉ አንገቴን ማዞር ነበረብኝ፤ ከሩቅ ላየኝ ሰው የቴኒስ ጨዋታ የምከታተል እመስላለሁ። በመስኮቱ በኩል የጠቡ መነሻ ይታያል። ጓሯችን ካለው አቮካዶ ዛፍ ላይ፣ ሁለት ቦታ የተቆለመመ ወፍራም የብረት ቱቦ በገመድ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ያልበቃቸው ንቦች ከቱቦው አፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ወደ ታች ተንዠርግገዋል። ጢሙ ይንቀሳቀሳል።

ሰው እንዲህ ያለ ቀን ላይ እንዴት ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል። በአንድ ጊዜ አይደረስም። እኔ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

መምህር ይታገሱ ግቢያችን ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዷን ተከራይቶ የሚኖር የጎጃም ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማኔጅመንት ያስተምራል። ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡለት ምን ተስፋ አድርገው እንደነበር አላውቅም፤ ሰውዬው ሻይ እስኪበርድለት እንኳ መታገስ አይችልም፤ ምላሱን አቃጥሎ ነው ክፍል የሚገባው። ወደዚህ ተመድቦ ከመጣባት ሳምንት ጀምሮ ዝውውር ሲጠይቅ ኖሮ በስንት መከራ ደብዳቤው ደረሰለት። አዲሱ ቦታው አዲስ አበባ አጠገብ ነው።

ዝውውሩን ሲሰማ ደስታውን የበላችበት ፒካፗ ናት። ከሟች አጎቱ የወረሳት የናፍጣ መኪና ናት። ድሮ ነጭ ነበረች ይላል፤ የቦንጋ ዝናብ ግን ነጭ ነገር አይወድም፤ አሁን በጎኗ ሽበት አውጥታለች፣ ሽበቱም አረንጓዴ ነው። ዋናው ችግሯ ዳገት ነው። ቦንጋን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ከተማችን ሜዳ የላትም። ሜዳ ብለን የምንጠራው የሚቀጥለው ዳገት እስኪጀምር ያለችውን ክፍተት ነው። ፒካፗ ደግሞ ከወንዙ ወደ ገበያው የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር መጀመሪያ ባጃጅ ያልፋታል፤ ቀጥሎ ፈረስ ያልፋታል። አንድ ቀን ቆጮ በጀርባቸው የተሸከሙ እናት አለፉንና ዞር ብለው «እግዜር ያበርታችሁ» አሉን። መምህር መሪውን እንደጨበጠ «አሜን» አለ። ከዚያ ወርደህ ግፋ አለኝ።

ይህ ሁሉ የሱ ጣጣ እንጂ የኔ አልነበረም። የኔ ያደረገው አባቴ ነው።

ቦንጋ ገበያ ማር የሚሸጠው ጋሽ ወልዴ ማለት አባቴ ነው። ተወልዶ ያደገው ጫካው ውስጥ ባለችው ማንኪራ ሲሆን ቤቱን ወደ ከተማ ቢያመጣም ቀፎዎቹን አላመጣም። በሳምንት ሁለት ቀን ጫካውን አቋርጦ እየሄደ ይጠይቃቸዋል፤ እኔን የጠየቀኝ ግን ትዝ አይለኝም። ሲናደድ በካፊኖኖ ይጀምርና፣ የተናደደበት ሰው ካልገባው ደግሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ በአማርኛ ይደግምለታል። ስለዚህ ከመምህር ጋር ሲጣላ ጠቡ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

እኔ ደግሞ ሥራዬ መቁነጥነጥ ነው። በወረቀት ላይ ገጣሚ ነኝ፤ ወረቀቱም የራሴ ነው፤ ሌላ ማንም አላተመልኝም። አስተማሪ ሳይኖረኝ ተምሬ ሦስት ደብተር ግጥም ሞልቻለሁ። አንድ ቦታ ተቀምጬ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጨርሼ አላውቅም፤ ቤት ስሆን ገበያው ያምረኛል፣ ገበያ ስሄድ መናኸሪያው፣ መናኸሪያ ስቆም አውቶቡሱ ሁሉ እኔን ጥሎ የሚሄድ ይመስለኛል። አንድ ማለዳ ከቤት ጠፍቼ አዲስ አበባ ልገባ ተነሣሁ። አውቶቡሱ እስኪሞላ መጠበቅ አቃተኝና ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። የተንቀሳቀሰው የሺሺንዳው ነበር። ሺሺንዳ ደግሞ ለአዲስ አበባ ጀርባዋን የሰጠች ከተማ ናት። የገበያ ቀን ስለነበር ሙዝ ገዝቼ ተመለስኩ። አባቴ አንዱን ልጦ እየበላ «የአዲስ አበባ ሙዝ ጥሩ ነው» አለኝ።  ምነው ቢቆጣኝ!

የዝውውሩ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ግን መምህር «አብረኸኝ ሂድ። ማተሚያ ቤት የሚሠራ ዘመድ አለኝ፤ አስገባሃለሁ» አለኝ። ማተሚያ ቤት! አባቴ ፊት ሄጄ ቆምኩና ነገርኩት። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እሳት ሊጭሩ መጥተው እዚያው ቆመዋል። አባቴ በመስኮት ፒካፗን አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ሁለታችንን ያወዳደረ ይመስለኛል።

«ያቺ መኪና የገበያውን ዳገት ሳትቆም ከወጣች፣ አብረሃት ሂድ።»

«የምርህን ነው?»

«እትዬ አስካለ ይመስክሩ።»

እትዬ አስካለ ሳቁ። አባቴም ፈገግ አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ያቺ መኪና የገበያውን ዳገት ሳትቆም የምትወጣው በሌላ መኪና ላይ ተጭና ብቻ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቱርቦ የሚባለውን ነገር ያመጣው መምህር ነው። ጅማ ሄዶ፣ አደጋ ከደረሰበት መኪና ላይ የተፈታ አንድ ቱርቦ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ቀንድ አውጣ የሚመስል ከባድ ብረት ነው። ቪዲዮ አይቶ ነበርና አስረዳኝ፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ ወደ ውጭ መሄዱ ቀርቶ መጀመሪያ በዚህ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍ ጎማ መሳይ ነገር ያሽከረክራል፤ የሚሽከረከረውም መልሶ ለሞተሩ ንጹሕ አየር ያጎርሰዋል። መኪናዋ በራሷ ጭስ ጉልበት ታገኛለች ማለት ነው።

ይህን ስሰማ ምን እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም። ለመጣል የወጣ ነገር ተመልሶ ጉልበት ሲሆን! ሮጬ ገብቼ ግጥም ጻፍኩ፤ መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

የተፋሁት ጭሴ ዞሮ ጉልበት ሆነኝ፣
ያባረርኩት ትንፋሽ ዳገት አሳለፈኝ።

ለመምህር አነበብኩለት፤ «ፊድባክ በኋላ እሰጥሃለሁ» አለ። ለአባቴ አነበብኩለት፤ «ሰው ስለ ጭስ ይገጥማል?» ብሎ ወደ ማሩ ተመለሰ።

የሰፈራችን መካኒክ ቱርቦውን ሞተሩ ላይ አሰረልንና እጁን ጠረገ። ከቱርቦው ተነሥቶ እስከ ማርሚታው ድረስ፣ ማለት ድምፅ አፋኙ ድረስ፣ የሚሄደውን ቱቦ ግን «ይሄ የበያጅ ሥራ ነው» አለ። በያጁ ጋ ስንሄድ «በር ነው መስኮት?» አለን። ጭስ ማውጫ ነው ስንለው ፊቱን አዞረብን። ከተማው ሁሉ ቤት እየሠራ ነው፤ በር ያልሆነ ብረት ለመንካት ጊዜ የለውም። መምህር ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከጅማ ያመጣውን ወፍራም ቱቦ፣ ከክንዴ የሚወፍረውን፣ ግቢያችን መሐል አጋደመና «ፕላኑ የኔ ነው፤ ኢምፕሊመንቴሽኑ ያንተ» አለኝ።

ግጥም ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ቱቦ ያቅተዋል? አያቅተውም ብዬ ጀመርኩ። ጥሩ ሠራተኛ መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ይቆርጣል። እኔ መጀመሪያ የድሮውን ጭስ ማውጫ ቆርጬ ጣልኩት። ምክንያቱም፣ ምን ልበላችሁ፣ መጋዙ እጄ ላይ ነበር። መምህር ሞተሩን አስነሥቶ ሊሞክር ቁልፉን ቢያዞረው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ነጎድጓድ የምታጓራ መኪና ሆነች። በግራ በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን መዝሙር አቆሙ፤ በቀኝ ያሉት አማተቡ። ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረም።

ቱቦ ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ውስጡ በአሸዋ ይሞላል፤ ግራና ቀኙ በእንጨት ይወተፋል፤ መሐሉ በፍም ይጋላል፤ ሲቀላ ይቆለመማል። ቪዲዮው ይህን በደንብ አሳይቷል። አሸዋው ደረቅ መሆን እንዳለበትም ተናግሯል፤ እኛ ያን ቦታ ኔትወርክ ስለቆረጠብን ዘለልነው። በቦንጋ ክረምት ደግሞ ደረቅ አሸዋ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ራሴ ደርቄ አላውቅም። ፍሙ ሲሟሟቅ፣ መምህር ተጎንብሶ «ቀልቷል?» ሲል፣ ቱቦው ውስጥ የታፈነው ውሃ ፈልቶ አንዱን ውታፍ እንደ ጥይት አስወነጨፈው። ውታፉ በመምህር ጆሮ ሥር አልፎ፣ አጥር ተሻግሮ ጠፋ።  ትንሽ ቆይቶ እትዬ አስካለ ጭሱ ያልቆመ እንጨት በጉጠት ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ይሄ የእናንተ ነው?» አሉ፤ የጠፋ ዶሮ የሚመልሱ ይመስላሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጎመኔ ውስጥ ነበር። ጎመኑ በስሏል።» ብለው ሄዱ። ጎመኑ ድስት ውስጥ ይሁን ማሳ ላይ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ በኋላ እሳት ፈራን። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ስገላበጥ አድሬ፣ ጠዋት ሐሳብ ይዤ ተነሣሁ። አሸዋ ካልሆነ ሰም! የንብ ሰም ቀልጦ ቱቦው ውስጥ ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ቱቦው እንዲሁ ቀዝቅዞ እንዳለ ቢታጠፍ አይጨማደድም። ሰም ደግሞ ከየት ይገኛል አይባልም፤ አባቴ አልጋ ሥር በየዓመቱ ማር ሲጠራ የሚቀረው ሰም እንደ ድንጋይ ተደርድሯል። አባቴ ማንኪራ በሄደበት ቀን ተዋስኩት። ሳይነግሩ ወስዶ ሳይመልሱ መቅረት መዋስ ከሆነ፣ ተዋስኩት።

ሠራላችሁ! ቱቦውን አቮካዶው ባላ ውስጥ አስገብተን፣ እኔና መምህር አንድ ጫፉ ላይ ተንጠለጠልን። መምህር ለቃለ መጠይቅ የገዛውን ሱሪ ለብሶ ነበር። ሱሪው ተቀደደ፤ ቱቦው ግን እንደ ዝይ አንገት ተቆለመመ። ሁለት ቦታ አጠፍነው። ፒካፗ ሆድ ሥር ይዘነው ስንገባ ልክክ አለ። መምህር ጭቃ ላይ እንደተጋደመ እጄን ጨበጠኝ። የገበያውን ዳገት በልቤ ወጣሁት፤ ጅማን አለፍኩ፤ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ደብተሬን ከብብቴ አወጣሁ።

የቀረው ነገር ትንሽ ነው። ሰሙን አቅልጠን አፈሰስነው፤ ግን የቱቦው ውስጥ ግድግዳ በሰም ተቀብቶ ቀረ። ጢስ ቢገባበት ይጠርገዋል ብዬ፣ ደረቅ ቅጠል ፈለግኩ። በዚያ ዝናብ ደረቅ የነበረው ቅጠል አባቴ ከምድጃው በላይ አስሮ ያንጠለጠለው ጥሩ ሽታ ያለው ቅጠል ብቻ ነበር። እሱን አጭሼ ቱቦውን በደንብ አጠንኩት። ዝናብ እንዳይገባበት አንዱን ጫፍ በደረቅ ኮባ ወተፍኩት። እንዳይዝግ ከመሬት ከፍ አድርጌ አቮካዶው ላይ ሰቀልኩት። ማለዳ ማለዳ ፀሐይ እንዲያደርቀው ክፍቱን አፍ ወደ ፀሐይ መውጫ አዞርኩት። ከዚያ የሚቀረው ብየዳ ነው፤ ለብየዳ ደግሞ መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት በዚያው ቀን ጠፋ። ማክሰኞ ነበር።

የንብ አርቢ ዘር የሆናችሁ አንባቢዎች እዚህ ላይ እየሳቃችሁብኝ እንደሆነ ይገባኛል። ሳቁ። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማረኝ ምን ነበር? ቀፎ በሰም ይቀባል። በዚያ ቅጠል ይታጠናል። ጀርባው በኮባ ይደፈናል። ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ አፉም ወደ ፀሐይ መውጫ ይዞራል። ከሦስት ዓመት በፊት ማንኪራ ውስጥ አንድ ቀፎ የራሴ ነው ብሎ ሰጥቶኝ ሰቅዬ ነበር። አንዱን ጊዜ ሰሙን እረሳለሁ፣ አንዱን ጊዜ አፉን ወደ ምዕራብ አዞራለሁ፣ አንዱን ጊዜ ጨርሶ ደፍኜው እመጣለሁ። እስከ ዛሬ ባዶውን ነው። ያለፈው ዓመት አባቴ አውርዶ አምጥቶ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠው። «ንብ የሚቁነጠነጥ ሰው አትወድም» አለ፤ ጨርሶ ተስፋ የቆረጠው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ግጥም እየጻፍኩ ሳለ ከጓሮ «እምምምም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ቀን መብራት የጠፋበት ሰው ጆሮ ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። «መምህር! መብራት መጣ! ትራንስፎርመሩ ጮኸ!» ብዬ ብድግ አልኩ። መምህር የተዋስነውን የብየዳ ማሽን አቅፎ፣ ገመዱን እየጎተተ ወጣ። ሁለታችንም እየሳቅን ጓሮ ገባን። ሰማዩ ቡናማ ሆኗል። አቮካዶው ይጮሃል። መምህር ማሽኑን ጥሎ ፒካፗ ሥር ገባ። እኔ ግን ጀግና ነኝና፣ ቱቦዬን ላድን ዛፉ ላይ ወጣሁ። ግራ ዓይኔ የተዘጋው ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ከገበያ ሲመለስ እኔ ፊቴን በውሃ ነክሬ፣ መምህር ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ እየታየ አገኘን። ሁለታችንንም አላየንም። ዛፉን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። ዛፉ ሥር ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። 

«ማን ነው የሰቀለው?» አለ ዞር ሳይል።

እኔ ሰሙ ትዝ አለኝ። ቅጠሉ ትዝ አለኝ።

«መምህር» አልኩ።

ከዚህች ቃል በኋላ ሁለት ቀን የሆነውን ብታዩ! አባቴ ንብ ባለቀፎውን መርጦ ነው የሚገባው ብሎ ስለሚያምን፣ ለመምህር ወተት ይልክለት ጀመር። ሲገባ ብድግ ይልለታል። «ባለንቡ ደኅና አደሩ?» ይለዋል። መምህር የስንብት ክብር መስሎት ዓይኑ እንባ ሞላ፤ «የካፋ ሰው እኮ ደግ ነው» አለኝ። እኔ ወተቱን ሲጠጣ ማየት አቃተኝ። ልናገር እልና ሰሙ ይታወሰኛል፤ ዝም ልል እልና ቱቦው። ግቢውን ስዞር እውላለሁ፤ አርብ ዕለት ብቻ ስንት ዙር እንደዞርኩ እትዬ አስካለ ያውቃሉ፤ በአጥር እያዩ «ምን ጠፋብህ?» ሲሉኝ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት መብራት መጣ። መምህር ቱቦዬን አውርዱልኝ አለ፤ አባቴ አይወርድም አለ። ቀኑ በጭቅጭቅ አልቆ፣ ፀሐይ ወደ ጫካው ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ቦታ ላይ ደረስን። ዱካው ላይ ነኝ። አንድ ዓይን አለኝ።

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ መምህር፤ ድምፁ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲይዝ የሚያወጣው ድምፅ ሆነ። «ንቡ የእኔ ነው ብለዋል?»

«የእርስዎ ነው። ቀፎውን የሰቀለ ነው ባለንቡ። ምን ይሁን ብሎ የሚወስነውም እሱ ነው። እኔ እየመከርኩዎት ነው እንጂ አላዝዎትም።»

«እኔ መቼ ሰቀልኩ?»

አባቴ በመስኮቱ ወደ ዛፉ አመለከተ።

«እኔ ዛፍ ላይ መውጣት አልችልም፣ ጋሽ ወልዴ። የሰቀለው ይሄ ልጅዎ ነው።»

አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። ቀኝ ዓይኔም በንብ ቢዘጋ ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሰሙን ከየት አመጣኸው?»

«ካልጋህ ሥር።»

«ያጠንከው በምን ነው?»

«ከምድጃው በላይ በነበረው ቅጠል።»

«ጀርባውን?»

«በኮባ።»

«አፉን ወዴት አዞርከው?»

«ወደ ፀሐይ መውጫ።»

ጥፊውን ጠበቅኩ። ጉንጬን አዘጋጀሁ። አባቴ ግን አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ያቺ ዱካ ለሁለት ሰው አትበቃም፣ ግማሽ መቀመጫዬ ወጣ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉንም ታውቀው ነበር።»

 በእውነት አላውቅም ነበር። አውቀዋለሁ ብዬ አስቤው ቢሆን አንዱን እረሳው ነበር።

«እሺ» አለ። «ባለንቡ አንተ ነህ። ምን ይሁን?»

እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ ምን ይሁን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በመስኮቱ ቱቦውን አየሁት፤ ጢሙ ሰብሰብ ብሎ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። ሦስት ዓመት ባዶ የነበረ ቀፎ ጓዳ ውስጥ አለ። በበሩ በኩል ፒካፗ ትታያለች፤ ሻንጣና መጽሐፍ ተጭኖባታል፣ ከመጽሐፎቹ ሥር ሦስቱ ደብተሮቼ አሉ። መምህር ወደ እኔ አየ። አባቴ ግን አላየኝም፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን የሰም ፍርፋሪ በጥፍሩ ይፍቃል። አትሂድ ቢለኝ እኮ ተቆጥቼ እሄድ ነበር። ሂድ ቢለኝም ምናልባት እቀር ነበር። እሱ ግን ለባለንብ የሚገባውን ዝምታ ሰጠኝ።

«ጓዳ ወዳለው ቀፎ ይዛወሩ» አልኩ። «ቱቦው ለመኪናዋ ይሁን።»

«የእነሱም ዝውውር ደረሰ በለኛ» አለ አባቴ፤ መምህር እንኳ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ግን እወቅ፤ ሲዛወሩ ላይስማማቸው ይችላል። ተነሥተው ጫካ ይገባሉ፤ አይመለሱም።»

«ይሂዱ» አልኩ። በወፍራም ድምፅ ልለው ነበር፤ የወጣው ግን ቀጭኑ ነው።

«ዳገቱን ሳትቆም ከወጣች ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ብያለሁ፤ ብያለሁ ነው።»

ተነሣ። ጓዳ ገብቶ የኔን ባዶ ቀፎ በትከሻው አወጣ፤ ሰሙን ለካ ቀብቶት ኖሯል፣ መቼ እንደቀባው እንጃ። የቀረችውን የቅጠል እስር ከምድጃው በላይ አወረደ። ከእሳቱ ፍም በገል ላይ አደረገ። የእናቴን ያረጀ ነጠላ ራሱና ፊቱ ላይ ጠመጠመ፤ ዓይኖቹ ብቻ ቀሩ። መምህር «ላግዝዎት ጋሼ?» ሲል እጁን አወዛወዘበት። እኔ ከዱካው ብድግ ስል ደግሞ ያዘኝ፣ በአንድ እጁ ትከሻዬን ወደ ታች ተጭኖ አስቀመጠኝ። እጁ እዚያው ትንሽ ቆየ።

«አንተ ተቀመጥ» አለ ከነጠላው ውስጥ። «አንዱ ዓይንህ ለመንገድ ያስፈልግሃል።»

በሩ ላይ ደርሶ ዞረና ሁለታችንንም አየን፤ ከዚያ እኔን ብቻ።

«እስክመለስ ከዚህ ቤት ማንም እንዳይወጣ» አለ፤ ወጣና በሩን ዘጋብን።